ግራጫዋ መኪና አርጆ የሄደችበት ጉዳይ

የምስክሩ ስም፦ አቶ ጉሉማ ደረሳ
ዕድሜ፦ 52 ዓመት
ሥራ፦ የመኪና ባትላሜራ
አድራሻ፦ ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ዓርብ ጥር 15 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት

አስቀድሜ አቤቱታ አለኝ። የተቀመጥኩበት አግዳሚ አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ቃሌን የምሰጠው እየተወዛወዝኩ ነው። ቃሌም ከተወዛወዘ ጥፋቱ የአግዳሚው ተብሎ ይመዝገብልኝ።

ትናንት የታሰረው ቀነዓ ዱቤ የእህቴ ልጅ ነው። ከነገ ወዲያ እሑድ ሠርጉ ነው። ሙሽሪት ሎሚ የምትመጣባትን አሮጌ ፊያት ሁለታችን ስናድስ ሰንብተናል። ጎድጓዳዋን በስቱኮ ሞልተን፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን፣ ረቡዕ ግራጫውን የመሠረት ቀለም ቀባናት። ቀለም እንዳይነካቸው መስኮቶቹን በጋዜጣ ሸፈንን፤ ታርጋዋንም ፈታን። የላዩ ነጭ ቀለም ግን ከነቀምቴ ጠፋ። ነጋዴው አቶ አበጋዝ አርጆ ካለው ሱቃቸው አንድ ጣሳ እንዳለ ስለነገሩን፣ ሐሙስ ጠዋት ጋዜጣውን ሳንልጥ፣ ለእኔ ማያ ያህል ብቻ ከፊት ቀድጄ ተነሣን። ቀነዓ ከኋላ ተቀመጠ።

አርጆ የገባነው 5 ሰዓት ላይ ነው። ገበያተኛው ታርጋ የሌላት፣ መስኮቷ የተሸፈነ ግራጫ መኪና ሲያይ ትልቅ ሹም በምስጢር መጣ ብሎ ግራና ቀኝ ተሰለፈ። የአገሩ ባላባት አባ ቆሮ መገርሳም ካባቸውን ደርበው ደረሱ። ከዚህ በኋላ ያለው ጥፋት የእኔ ነው። ወርጄ የኋላውን በር ከፈትኩና እስከ ጉልበቴ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ። ቀነዓ ፊቱ በስቱኮ ብናኝ እንደነጣ፣ "ኤሱማ፣ ምን ሊያደርጉኝ ነው?" አለኝ። እኔ አጎቱም፣ "ዝም በል፤ ሹም አይንተባተብም" አልኩት።

አባ ቆሮ "ጎፍታ ኮ፣ ጌታዬ" ብለው ጀምረው ስለ መንገዱ፣ ስለ ድልድዩ፣ ስለ ግብሩ አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገሩ። ቀነዓ ራሱን ከመነቅነቅ በቀር አንድ ቃል አልተነፈሰም። ማመልከቻ ከኪሳቸው ሲያወጡ ግን ቀልዱ ድንበር እንዳለፈ ገባኝና መኪናዋ ለምን እንደተሸፈነች ተናገርኩ። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። የአባ ቆሮ ጸሐፊ ብቻ አልሳቀም፤ ለፖሊስ ስልክ ደወለ። ነቀምቴ ኬላ ስንደርስ ቀነዓ ሹም ነኝ ብሏል ተብሎ ተያዘ።

ልጁ ሹም ነኝ አላለም። እጅ የነሣሁት እኔ ነኝ። እስር ካለ እኔ ልታሰርና እሱ ይዳር።

ይህን ስናገር በሩ ተንኳኳ። አባ ቆሮ መገርሳ ሳይታሰቡ ገቡ። ሊከሱን የመጡ መስሎኝ ተነሣሁ። እሳቸው ግን ቃሌን ወደሚጽፈው አሥር አለቃ ዞረው፣ "ሠላሳ ዓመት ለሹማምንት ተናግሬአለሁ። ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻ ያዳመጠኝ ያ ያሰራችሁት ልጅ ብቻ ነው። ዛሬውኑ ይፈታልኝ፤ ስለ ጤና ጣቢያው ገና አልነገርኩትም" አሉ።

ከላይ የተጻፈው ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ። ቀልዱም ጭምር እውነት ስለሆነ ፈርሜአለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ጉሉማ ደረሳ
ቃሉን የተቀበለው፦ አሥር አለቃ ተድላ ገብረኪዳን