አራተኛው ጎማ

ከዳንግላ እንጅባራ የምትመላለሰው መኪና ድሮ የጭነት ነበረች፤ ወንበር ደርድረውባት አውቶቡስ ሆነች። ከፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ ሾፌሩን ጠየቁት።

«ልጄ፣ ፍሬኑን ምነው ደጋግመህ ትረግጠዋለህ?»

«ቧንቧው ውስጥ አየር ገብቷል፣ አባቴ። አንዴ ብረግጠው አይይዝልኝም።»

«አየሩን ማስወጣት አይቻልም?»

«ይቻላል እንጂ። ትናንት የሦስቱን ጎማ የፍሬን አየር አስወጣን፤ አራተኛው ላይ ስንደርስ መሸብን።»

«ፋኖስ አልነበራችሁም?»

«ኧረ ነበረን! ግን ከመሸ የጊዮርጊስ በዓል ገባ። በጊዮርጊስ ቡሎን ይፈታል?»

«እሱስ አይፈታም። ደግ አድርጋችኋል።»

«መካኒኩም ‹በዓሉ ይለፍ› ብሎ መፍቻውን ሰበሰበ።»

«መንዳቱስ?»

«እናንተን ለንግሡ ማድረስ ሥራ ነው እንዴ፣ አባቴ?»

«አይደለም» አሉ ሽማግሌው፣ ረጋ ብለው።

ቁልቁለቱ ሲጀምር እኔም ከኋላቸው ወንበር ሆኜ ወለሉን ደጋግሜ ረገጥሁ።