የማያንጠባጥብ ቧንቧ ደመወዝ

በካርቱም፣ በካላክላ ገበያ ጫፍ፣ ሰልፍ የሚባል ነገር በማያውቀው የሃፍላ መቆሚያ አውቶቡስ ለመያዝ እየተጋፋሁ ሳለ፣ ከሐብሐብ ክምር ጀርባ ሁለት ጉልበቶችና አንድ የቧንቧ መፍቻ አየሁ። ጠጋ ብል ጎረቤቴ አቶ ወልደሥላሴ ናቸው።

«ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?»

«ዝም በል! ወደ እኔ አትይ። ቦክሱ ሄደ?»

ቦክስ የሚሉት ፖሊስ ለከሻ ሲወጣ፣ ማለትም የመኖሪያ ወረቀት የሌለውን ሐበሻ ሲለቅም፣ የሚጭንበትን ፒካፕ ነው። የአቶ ወልደሥላሴ የመኖሪያ ወረቀት፣ ኢቃማው፣ ግን በላስቲክ ተጠቅልሎ ደረት ኪሳቸው ውስጥ አለ።

«ወረቀት አለዎት አይደል?»

«ለእኔማ ሌላ ዘዴ አመጡ። ሥራ እንሰጥሃለን ይላሉ!»

ይህን እንዳሉ ዘሊካ እያለከለከች ደረሰች። ዘሊካ የወሎ ልጅ ናት፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ሪያድ በሚባለው የካርቱም ሀብታሞች ሰፈር በአንድ መሐንዲስ ቪላ ወጥ ቤት ትሠራለች። መሐንዲሱ የአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የጥገና ክፍል ሙዲር፣ ማለትም ኃላፊ ነው።

«ጋሼ ወልደሥላሴ! ሙዲሩ ለቧንቧ ሥራ ፈተና የሆስፒታሉን ፒካፕ ቢልክልዎት በጓሮ ዘለው ይጠፋሉ? ወላሂ አሳፈሩኝ! እስከ ዙህር ሶላት ካልቀረቡ ቦታውን ለሌላ ሰው ይሰጡታል።»

«ይስጡታ! መንግሥት ሐበሻን በመኪና የሚያስመጣው መቼ ለደግ ነገር ሆኖ ያውቃል?»

እኔም ዩኒቨርሲቲ የበጠስኩ ሰው እንደመሆኔ፣ ማንም ሳይጠራኝ ሽማግሌ ሆንኩ። የተማረ ሰው ክርክር ካገኘ ሃፍላው ቢያመልጠውም አይቆጨውም።

«እስቲ ጥርጣሬዎን ይንገሩን» አልኳቸው።

«በየወሩ ይከፍሉሃል ትለኛለች። ቧንቧ ባይበላሽም?»

«ባይበላሽም!» አለች ዘሊካ።

አቶ ወልደሥላሴ ወደ እኔ ዞሩ። «ሰማህ? ምንም ላልተበላሸበት የሚከፍል ጤነኛ ሰው አለ? ወጥመድ ነው።»

ጥርጣሬው ከሙያቸው የተወለደ ነው። በሪያድ መንገድ ዳር መሣሪያቸውን ደርድረው ጥሪ በሚጠብቁት በእነ አቶ ወልደሥላሴ ዘንድ አንድ ልማድ አለ፤ ሥራን ፈጽሞ አለመጨረስ። ሳሳ ያለች ጎሚኒ፣ የቧንቧ ላስቲክ፣ ትገባለች። ዛሬ ጸጥ ያለው ቧንቧ በዒድ ዋዜማ፣ ቤቱ በእንግዳ ሲሞላ፣ ማንጠባጠብ ይጀምራል፤ የቤቱ እመቤት፣ ማዳሟም፣ «ወልደን ጥሩልኝ!» ትላለች። ይህንን «ለነገ ዘር መተው» ይሉታል።

«ዘሩንስ ማን አጨደው?» አለች ዘሊካ። «ከአንዷ ማዳም ጣሪያ ወድቀው ጉልበትዎ ሲያብጥ ማን ጠየቀዎት? ማዳሟ በማግስቱ ሌላ ሰው አስጠራች። ሚስትዎ እትዬ ሰርክአዲስ ናት በሙቅ ውሃና በጨው ስታሽዎት የከረመችው። ዛሬም መሰላል መውጣት አይችሉም፤ ለሰው አይናገሩም እንጂ እኔ አውቃለሁ።»

አቶ ወልደሥላሴ ሳያስቡት ጉልበታቸውን ዳሰሱ።

«ሆስፒታሉ ፎቅ ነው» ቀጠለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጣሪያው ላይ ያለው የውሃ ታንከር ጋ በደረጃ ነው የሚወጣው። ቢታመሙ እዚያው ያክሙዎታል፤ ተኝተውም ደመወዙ አይቆምም።»

«የመንግሥት ደመወዝ ይዘገያል ይባላል።»

«ይዘገያል። ትንሽም ነው። የማዳሟ ደግሞ ፈጥኖ ይመጣና ፈጥኖ ይቀራል።»

አቶ ወልደሥላሴ አንዱን ሐብሐብ በጣታቸው አንኳኩ፤ የሐብሐቡ ባለቤት ሊገዙ ነው ብሎ ተነሣ፤ አልገዙም።

«እሺ» አሉ። «በዚህ ሁሉ ካርቱም ሙዲሩ ለምን እኔን መረጠ? ይህን ንገሪኝና እነሣለሁ።»

«አይቆጡም?»

«ተናገሪ።»

«ባለፈው የዒድ ዋዜማ እርስዎ የጠገኑት የወጥ ቤታችን ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ሙዲሩ ራሱ ፈታው። ጎሚኒዋን ወደ መብራት አቅርቦ አያትና ሳቀ። ‹ይህ ሰው ቧንቧ የሚበላሽበትን ቀን ያውቃል። እንዳይበላሽ ብንቀጥረው ይሻላል› አለ።»

አቶ ወልደሥላሴ መጀመሪያ ፊታቸው ቀላ፤ ቀጥሎ መሬት መሬቱን አዩ፤ በመጨረሻ ደረታቸው ትንሽ ነፋ አለ።

«አዋቂ ነው ማለቱ ነው?»

«ሌባም አዋቂም ነው ማለቱ ነው» አልኳቸው። «የሚቀጥረው ግን አዋቂውን ነው።»

«ያላ፣ ባለ ሦስት እግሯን ረክሻ ጥሪ!» አሉ መፍቻቸውን አንሥተው። «ቦክሱ ላይ ግን አልወጣም!»

ከወራት በኋላ ታማሚ ልጠይቅ ወደዚያ ሆስፒታል ሄድኩ። አቶ ወልደሥላሴ ሰማያዊ ቱታ ለብሰው፣ በኮሪደሩ ጆሯቸውን ቧንቧ ላይ ለጥፈው አገኘኋቸው።

«ደመወዙስ፣ ጋሼ?»

«ዘገየ። እሱንማ ጠርጥሬ ነበር።» ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ ያየኋቸው የዚያን ቀን ነው። ጉልበታቸውን እዚያው አክመውላቸዋል፤ እትዬ ሰርክአዲስም ባሏ በስንት ሰዓት እንደሚገባ አውቃ ወጥ ትጥዳለች፤ የወላዶቹ ክፍልም ንጋት ላይ ውኃ አያጣም።

«ለነገ ዘር መተውስ?»

«አበድክ? እዚህ ቢበላሽ የሚጠራው ማን ሆነና? እኔው! ለዚያውም በነፃ!» አሉ። አንባቢ ሆይ፣ በጎ ምግባር አንዳንዴ የሚገባው በዚህ በር ነው፤ ከገባ በኋላ በየት መጣህ አይባልም።

ጆሯቸውን መልሰው ለጠፉ።

«ምን ሰሙ?»

«ምንም። ከሰንበት ጀምሮ ምንም አያንጠባጥብም።» ፊታቸውን አጨማደዱ። «ይህ ነገር አላማረኝም።»

መፍቻቸውን ይዘው፣ ታንከሩን ሊያዩ ደረጃውን ሳያነክሱ ወጡ።