ስድስት ሰው የያዘው ምስጢር

ሳቁብኝ፣ ግን ስሙኝ። ጅቡቲ፣ ለምድር ባቡር ስሠራ ነው። ግሪኩ ሙሴ ያኒ ቡና ቤቱ ውስጥ የከረንቡላ ውድድር አዘጋጀ፤ ሽልማቱ የሁለት ወር ደሞዜን የሚያህል ፍራንክ። እኔና የጉምሩኩ ተሰማ ለፍጻሜ ደረስን። በጨዋታው ዋዜማ ተሰማ ጥግ ይዞኝ፣ "ወንድሜ፣ ማንም ያሸንፍ ማን፣ እኩል እንካፈል። ብቻ ለሰው እንዳትተነፍስ!" አለኝ። ደስ አለኝ፤ ግን አላመንኩትም። እሱም እኔን አላመነኝም። የአገራችን ሰው ደግሞ ያለ ዋስ ምን ይዋዋላል? በእኔ ተሸንፈው ሦስተኛ የወጡትን አቶ ወልዴን ለመንናቸው። እሳቸውም "ያለ እማኝማ ዋስ አልሆንም" ብለው ሦስት እማኝ ጠሩ። ምስጢሩን የያዝነው ስድስት ሆንን ማለት ነው።

በማግስቱ ሐሩሩ በረድ ሲል፣ የዱላችንን ጫፍ ጠመኔ ቀብተን ቀረብን። ሙሴ ያኒ ግን ገንዘቡን ይዞ ብድግ አለ። "እናንተ አስቀድማችሁ ልትካፈሉ ተስማምታችኋል አሉ፤ ታዲያ ምን ያጫውታችኋል? ሽልማቱ ለሦስተኛው ነው" ብሎ ለአቶ ወልዴ አስረከባቸው። ደሜ ፈላ። "አቶ ወልዴ፣ ዋሳችን አይደሉም እንዴ? ያካፍሉን እንጂ!" አልኳቸው። ፍራንኩን ቀስ ብለው ኪሳቸው እየከተቱ፣ "ልጄ፣ ዋስ የሆንኩት ያሸነፈው ለተሸነፈው እንዲያካፍል ነው። እስቲ ንገረኝ፣ ከሁለታችሁ ያሸነፈው የትኛው ነው?" አሉኝ። ዞር ብዬ እማኞቹን አየሁ። ሦስቱም በአንድ አፍ፣ "እውነታቸውን ነው፤ ውሉ እንደዚያ ነው" ብለው መሰከሩ።