የሁዳዴ እንቁላል

(የሁዳዴ አጋማሽ፣ ረቡዕ ረፋድ፤ በአንዲት የክፍለ ሀገር ከተማ ሆስፒታል፣ የስኳር ሕክምና ክፍል። በስኳር በሽታ የተነሳ ጨጓራቸው ምግብ ማሳለፍ ላቃተው ሕመምተኞች አዲስ ክኒን እየሞከረ ያለው ዶክተር ሚልኪያስ፣ ከተሞካሪዎቹ አንዷን፣ የድሮዋን ቅቤ ነጋዴ ወይዘሮ ደብሪቱን ይለምናል።)

ደብሪቱ፦ አልቆምም አልኩህ አልቆምም! ነገ በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት ቆሜ "ድኛለሁ" ብል እግዜርስ ምን ይለኛል?

ሚልኪያስ፦ ኧረ እትዬ ደብሪቱ፣ ቀስ ይበሉ፤ ኮሪደሩ ላይ ሰው አለ። የሚናገሩት እኮ ሁለት ቃል ነው። "በፊት ያስመልሰኝ ነበር፣ አሁን ተሽሎኛል።" በቃ።

ደብሪቱ፦ መች ተሻለኝና! ዛሬ ጎህ ሲቀድ ምን እንዳስመለስኩ ልንገርህ?

ሚልኪያስ፦ አይ፣ ይቅርብኝ።

ደብሪቱ፦ የሰኞ ሽሮ።

ሚልኪያስ፦ እትዬ...

ደብሪቱ፦ የሰኞ ሽሮ፣ ረቡዕ ጠዋት፣ እንደገባ ወጣ! ቃሪያው እንኳን ቅርጹን አልለቀቀም። ሽታው ደግሞ ቡሃቃ ውስጥ ተረስቶ የከረመ ሊጥ ነው የሚለው። እፍ! ከገዛ ሆዴ የወጣ ነገር ቀፈፈኝ።

ሚልኪያስ፦ እባክዎ፣ እኔ ገና እህል አልቀመስኩም። እየጾምኩ ነው።

ደብሪቱ፦ ታድለሃል። ባዶ ሆድ ያለው ሰው ምን ጎደለው! የኔ እንደሆነ መጋዘን ሆኗል። ይቀበላል እንጂ አያሳልፍም፤ ሲብስበትም በገባበት በር ያወጣዋል። ሳገሳ ሰው ፊቱን ያዞራል። ልጄ እንኳ ከኔ ጋር አንድ ማዕድ መቅረብ ትታለች። "በልቻለሁ እማዬ" ትለኛለች፤ እንዳልበላች አውቃለሁ።

ሚልኪያስ፦ እኔን የገረመኝም ይኸው ነው። ባለፈው ሳምንት በአልትራሳውንድ ያየሁት ጨጓራ ሌላ ነው። ከጥምቀት በኋላ፣ ክኒኑን ሳይጀምሩ፣ ለመለኪያ የምንሰጠውን እንቁላል በልተው ሳይዎት ትዝ ይልዎታል? ከአራት ሰዓት በኋላም እንቁላሉ እንዳለ ተኝቶ ነበር። አሁን በክኒኑ ላይ ሆነው ያንኑ እንቁላል በልተው ሳይ ግን ሙልጭ ያለ ነው! ፍርፋሪ የለም። ከተሞካሪዎቹ ሁሉ አንደኛ የወጣው የእርስዎ ሆድ ነው።

ደብሪቱ፦ አንደኛ ወጣ? ባለቤቱ የትምህርት ቤት ደጅ ሳትረግጥ?

ሚልኪያስ፦ ለዚህ ነው ነገ እርስዎን የመረጥኩት። መድኃኒቱን የሚሠሩት ሰዎች ባሕር ተሻግረው የሚመጡት እንዲህ ያለውን ሰው ለማየት ነው።

ደብሪቱ፦ ያ መርፌስ? እሱንም ልንገራቸው?

ሚልኪያስ፦ የምን መርፌ?

ደብሪቱ፦ "ጨጓራዎ ተስተካክሏል፣ ኢንሱሊኑን እንደ ድሮው ከምግብ በፊት ይውጉ" አላልከኝም? ወጋሁ። ምሳዬን በላሁ። ምሳው ሆዴ ውስጥ ቂጡን ዘርግቶ ተቀመጠ፤ መርፌው ግን ሥራውን አልተወም። እሑድ እድር ላይ ተቀምጬ ላብ አጠመቀኝ፣ ዓይኔ ጨለመ፣ አንደበቴ ተሳሰረ። ደብሪቱ ሰከረች ተባለ! በዚህ ዕድሜዬ፣ በጾም! ጎረቤቴ ነገሩ ገብቷት ስኳር በአፌ ባትሞጅርብኝ ኖሮ ዛሬ ንፍሮዬን እየቆረጠምክ ነበር።

ሚልኪያስ፦ ወድቀው ነበር? ታዲያ እስካሁን ለምን አልነገሩኝም?

ደብሪቱ፦ ለሲስተሯ ነገርኳት። "ውጤትዎ እኮ ግሩም ነው፤ ምግብ አሳንሰው ይሆናል" አለችኝ። ውጤቴ ግሩም፣ እኔ ግን መሬት ላይ!

ሚልኪያስ፦ ሊሆን አይችልም። ጨጓራዎ ባዶ ነበር። በዓይኔ ነው ያየሁት።

ደብሪቱ፦ ዓይንህ አልዋሸህም። ባዶውን ነው ያየኸው።

ሚልኪያስ፦ ምን ማለትዎ ነው?

ደብሪቱ፦ ተወው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ሚልኪያስ፦ አልተውም። እትዬ ደብሪቱ፣ እንቁላሉን በልተዋል አይደል?

ደብሪቱ፦ አንተ በሁዳዴ እንቁላል ቢያመጡልህ ትበላለህ?

ሚልኪያስ፦ እኔ አልታመምኩማ! ለበሽተኛ ይፈቀዳል። ንስሐ አባትዎም እንደፈቀዱልዎ የነገሩኝ ራስዎ ነዎት።

ደብሪቱ፦ እሳቸውማ ምን በወጣቸው፣ ፈቅደዋል። "ለመድኃኒት ከሆነ ብዪው" አሉኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ጉሮሮዬ ግን እሺ አላለም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ በሁዳዴ ያልነካሁትን ነገር አንድ ቀን ብድግ ብዬ ልዋጠው? እሱስ ይሁን። ያን እንቁላል ግን አይተኸዋል?

ሚልኪያስ፦ የተቀቀለ እንቁላል ነው። ምን ይታያል?

ደብሪቱ፦ ማታ ተቀቅሎ ያደረ፣ ቀዝቅዞ ጎማ የሆነ፣ አስኳሉ ዙሪያውን አረንጓዴ ያበቀለ! ጨው የለው፣ ሚጥሚጣ የለው። ሽታው ገና ከበር ይቀበልሃል። ይሄን ቀንም ሌትም ለሚያቅለሸልሸው ሰው! ላነሳው ብል ገላዬን ዝግንን አለኝ።

ሚልኪያስ፦ ጨውና ቅመም እንዳይገባበት መመሪያው ያዛል። ከውጭ ሲመጣ እንዲህ ሆኖ ነው የመጣው።

ደብሪቱ፦ ከውጭ ሲመጣ ሁዳዴ የሚባል ነገር እንዳለ የነገረው የለማ።

ሚልኪያስ፦ የት አደረሱት?

ደብሪቱ፦ ሲስተሯ ሳህኑን አስይዛኝ "እዚህ ክፍሉን ያገማዋል፣ ዛፉ ሥር ሄደው ይብሉ" አለችኝ። እሷንም ቀፏት ነው እኮ! ሄድኩ። ነጠላዬ ውስጥ ሸጎጥኩት። ከዚያ በግቢው የሚዞረው ቡላ ውሻ መጣና አየኝ።

ሚልኪያስ፦ ለውሻ?!

ደብሪቱ፦ እሱ ጾም የለበትም።

ሚልኪያስ፦ በስመ አብ! ሆድዎስ? እንቁላሉን ባይበሉ እንኳ የቀድሞው ምግብ መታየት ነበረበት።

ደብሪቱ፦ ያን ዕለት ሌሊቱን ሁሉ ሳስመልስ አድሬ ነው የመጣሁት። አንጀቴ ነው የቀረኝ። አንተ ያን እንደ ንፍጥ የሚቀዘቅዝ ቅባትህን ሆዴ ላይ ለቅልቀህ "ጎበዝ! ጎበዝ!" ስትል እኔ ውስጤ ያለው ሐሞት ብቻ ነበር።

ሚልኪያስ፦ ይሄ እኮ ምርምር ነው! ሌት ተቀን የደከምኩበት! "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ሲባል አልሰሙም? አልበላም፣ አልወርድልኝ አለ ብለው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?

ደብሪቱ፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ያኔ መች ጠየቅኸኝ? ሲስተሯ "በሉ?" አለችኝ፣ ሳህኑ ባዶ ነው፣ ራሴን ነቀነቅሁ። ዋሽቻለሁ። ለእሱ ንስሐ እገባለሁ። አንተ ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ስትለቅም ከረምክ።

ሚልኪያስ፦ ይሁን። ይሁን ግድ የለም። የእርስዎን ውጤት አወጣዋለሁ። አንድ ሰው ነው፣ ጥናቱን አያፈርሰውም። የተቀሩት ሁሉ ተሽሏቸዋል፤ ከጋሽ ሸምሱ በቀር።

ደብሪቱ፦ ጋሽ ሸምሱ ምን ሆኑ?

ሚልኪያስ፦ በእሳቸው ላይ አልሠራም። እንቁላሉ እንዳለ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ክኒኑን በትክክል አልወሰዱም ብዬ ከጥናቱ አስወጣኋቸው። ሰውየው "ወላሂ ወስጃለሁ" እያሉ ሲምሉ ነበር።

ደብሪቱ፦ ወይ ጉድ! ወይ የኔ ጉድ! አስወጣሃቸው?

ሚልኪያስ፦ ምን ያስቃል?

ደብሪቱ፦ ዶክተር፣ ጋሽ ሸምሱ ሁዳዴ ይጾማሉ?

ሚልኪያስ፦ እንዴት ይጾማሉ፣ ጋሽ ሸምሱ እኮ ሙስሊም...

ደብሪቱ፦ በል ጨርሰው።

ሚልኪያስ፦ አይ። አይ አይ አይ።

ደብሪቱ፦ እንቁላሉን የበሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። አንድ እውነተኛ ሰው ነበረህ፤ እሱንም ውሸታም ብለህ አባረርከው።

ሚልኪያስ፦ ሌሎቹ ሁሉ? ሁላችሁም?

ደብሪቱ፦ ዛፉ ሥር አብረን አይደል የምንቀመጠው? አንዱ ሲጥል ሌላው ያያል፤ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ውሻውም ለምዶን፣ ሳህን ሲያይ ጅራቱን እየቆላ ይመጣል። ጾም ከገባ ወዲህ እንዴት እንደወፈረ አላየህም?

ሚልኪያስ፦ አይቼዋለሁ። ጥበቃው እያበላው ነው ብዬ... እፍ! አንገሸገሸኝ። ሊያስመልሰኝ ነው መሰል።

ደብሪቱ፦ ባልዲው ከመጋረጃው ጀርባ ነው። እኔ ደንበኛው ነኝ።

ሚልኪያስ፦ ቆይ። ቆይ፣ ይስሙኝ። ይሄን የምናውቀው እኔና እርስዎ ነን።

ደብሪቱ፦ ውሻውስ?

ሚልኪያስ፦ አይቀልዱ! እንግዶቹ ነገ ጠዋት እዚህ ናቸው። ነገን እንለፈው። ፋሲካ ያልፍና ሁላችሁንም እንደገና እለካለሁ፤ እንቁላሉንም አብራችሁ ስትበሉ ቆሜ አያለሁ። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው።

ደብሪቱ፦ ሆድ ይፍጀው? የኔ ሆድ ሽሮ መፍጀት አቅቶት አይደል እዚህ የመጣሁት!

ሚልኪያስ፦ የምሬን ነው።

ደብሪቱ፦ እኔም የምሬን ነው። "ሆድህ ተስተካክሏል፣ ከምግብ በፊት ተወጋ" ያልካቸው ሁሉ እስከ ፋሲካ ምን ይሁኑ? እኔ ጎረቤት ነበረችኝ። ብቻውን የሚኖረው ሰው ላብ ሲያጠምቀው ስኳር በአፉ ማን ይሞጅርለታል?

ሚልኪያስ፦ ቀስ እያልኩ አስተካክላለሁ። አንድ በአንድ እየጠራሁ።

ደብሪቱ፦ ሰው ሲወድቅ ቀስ እያለ አይወድቅም እኮ ልጄ።

ሚልኪያስ፦ ነገ ይሄ ቢወራ ምን እንደሚመጣ ያውቃሉ? ሰዎቹ ጥለውን ይሄዳሉ። በነጻ የምትወስዱት ኢንሱሊን ከዚህ ጥናት ጋር የመጣ ነው። የእርስዎም፣ የሌሎቹም ይቀራል። ይሄንንም ያስቡ።

ደብሪቱ፦ አሁን ደግሞ ማስፈራራት ጀመርክ።

ሚልኪያስ፦ ልመና ነው እንጂ ማስፈራራት አይደለም።

ደብሪቱ፦ ቅቤ ተራ ሳለሁ ሙዝ ለውሰው የሚሸጡ ሴቶች ነበሩ። ላዩን ስታየው ወለል ያለ ቅቤ ነው፣ እሳት ሲነካው ነው ጉዱ የሚወጣው። አንዷን፣ ጓደኛዬ ነበረች፣ "እንዴት አስቻለሽ?" ብላት "ማን የማያደርግ አለ?" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ እጇን መጨበጥ ቀፈፈኝ። ዛሬ ደግሞ አንተን ያቺን ሴት አስመሰልከኝ። ቱ! የሰኞው ሽሮ ይሻለኛል። እሱ ቢከረፋም ሽሮ ነው።

ሚልኪያስ፦ ሙዙን የጨመርኩት እኔ ነኝ? ያጭበረበራችሁት እናንተ!

ደብሪቱ፦ እኛ ነን። እስከ ዛሬ ጠዋት የኛ ነበር። አንተ ሳታውቅ ነው የሸጥከው፣ ማንም አይፈርድብህም። አሁን ግን ነገርኩህ፣ አወቅህ። ከአሁን ወዲያ ሙዙ ያንተ ነው። ቅድም ምን ነበር ያልከኝ? በሽታውን የደበቀ ምን የለውም?

ሚልኪያስ፦ መድኃኒቱ እኮ ይሠራ ይሆናል! አላወቅንም ማለት አይሠራም ማለት አይደለም።

ደብሪቱ፦ ቢሠራ እኔ ጠላሁ? እኔ ነኝ እኮ የማስመልሰው! ከልጄ ጋር አንድ ማዕድ መቅረብ የናፈቀኝ እኔ ነኝ። ባልበላሁት እንቁላል ዳነች ካልከኝ፣ የእውነት የሚያድነኝን ማን ይፈልግልኛል?

ሚልኪያስ፦ እኔ። እኔ እፈልጋለሁ፣ እምላለሁ። ነገን ብቻ ያሳልፉኝ። እንደ ልጅዎ ይዩኝ እትዬ፣ ነገን ብቻ።

ደብሪቱ፦ ነገን ብቻ።

ሚልኪያስ፦ ነገን ብቻ።

ደብሪቱ፦ በስንት ሰዓት ነው?

ሚልኪያስ፦ ሦስት ሰዓት ላይ። ይቆማሉ ማለት ነው?

ደብሪቱ፦ እቆማለሁ።

ሚልኪያስ፦ እግዜር ያክብርልኝ! እኔ መኪና እልካለሁ። ነጩን ቀሚስዎን ይልበሱ። ብዙ አይጠይቁዎትም፣ አይጨነቁ።

ደብሪቱ፦ ብቻዬን ግን አልቆምም።

ሚልኪያስ፦ ምን ችግር አለው! ልጅዎንም፣ ጎረቤትዎንም፣ የፈለጉትን ይዘው ይምጡ።

ደብሪቱ፦ ጋሽ ሸምሱን ነው የምጠራው። በቀኜ እሳቸው ይቆማሉ።

ሚልኪያስ፦ ጋሽ ሸምሱን? እሳቸው ለምን? እትዬ ደብሪቱ፣ ምን አስበው ነው?

ደብሪቱ፦ በግራዬ ደግሞ ቡላው ውሻ። እንግዶችህ "አንደኛ የወጣው የማን ሆድ ነው?" ሲሉህ፣ ጣትህን ወዴት እንደምትቀስር ያኔ እናያለን።