የፊታውራሪው ሆቴል

እንዳለው የሚባለው የደባርቅ ነጋዴ ያን ቀን በሕዝብ መኪና ባይሳፈር ይሻለው ነበር። የገዛ መኪናው ጎንደር ጋራዥ ገብታበት፣ ወደ ደባርቅ በሚመለስ ሚኒባስ ጋቢና ተቀመጠ። ዳባት ላይ ሰው ለመጫን ሲቆሙ ኮፍያውን ወደ ቅንድቡ ሳብ አደረገ። ዳባት እናቱ አሉ፤ እመት እሌኒ። ካያቸው ፋሲካ አልፎ፣ ክረምት ወጥቶ፣ መስቀልም ተከብሮ ነበር።

በበሩ የገቡት ግን እትዬ የሺወርቅ ናቸው፤ ደባርቅ ላይ ከእናቱ ጋር ሠላሳ ዓመት አጥር ለአጥር የኖሩ ጎረቤት። ባዶ አገልግላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ልክ ከጀርባው ተቀመጡ። አጠገባቸው ማርያማዊት የምትባል፣ ደባርቅ የተመደበች አዲስ አስተማሪ ነበረች። እትዬ የሺወርቅ እንዳለውን በመስተዋቱ አዩት። ሰላም አላሉትም፤ ወደ ልጅቱ ዞሩ።

«ጋቢ ይዘሻል ልጄ? ደባርቅ እኮ ብርዱ አጥንት ይገባል። … አይዞሽ፣ ትለምጂዋለሽ። ከተማው ራሱ ሞቅ ሞቅ ብሏል ዛሬ፤ ባጃጁ፣ ሆቴሉ፣ ፈረንጁ። ጭላዳ አይተሽ ታውቂያለሽ? ያ ደረቱ ቀይ ዝንጀሮ? ልጁ እናቱ ጀርባ ላይ ተለጥፎ ያድግና፣ ጉልበት ሲያወጣ ወርዶ ይሄዳል። ዞሮም አያያት። … እንስሳ ነዋ! እንስሳን ማን ይወቅሰዋል?»

እንዳለው ማጅራቱን አሻሸ።

«ቤት እስክታገኚ የት ታርፊያለሽ? አንድ ሆቴል አለ፣ ባለ አራት ፎቅ፤ የፊታውራሪ ሆቴል ይሉታል። ያሠሩት ሰው እንዴት ያሉ አዋቂ መሰሉሽ! የአገር ታሪክ እንደሳቸው የሚያውቅ የለም። ለከተማው በዓል በወጣው መጽሔት ላይ ጽፈውታል፤ ደባርቅ ላይ መጀመሪያ እንግዳ ያሳደሩት አያታቸው ፊታውራሪው ናቸው ብለው። እኛ እዚያው ተወልደን እዚያው ስናረጅ፣ ፊታውራሪ የሚባል ሰው በዓይናችን አላየን። … ምን ያህል ጭምት ቢሆኑ ነው? ዕድሜ ልካቸውን ለአንድ ሰው እንኳ ሳይታዩ ኖሩ! ‹አባቱን ሳያውቅ አያቱን ናፈቀ› የሚሉት ለሌላ ሰው ነው። እሳቸውማ መች ናፈቁ፤ አያታቸውን ራሳቸው ወለዱት!»

ከኋላ ወንበር ሰው ሳቀ። እንዳለው ዘፈኑን ከፍ እንዲያደርግለት ለሾፌሩ በእጁ ጠቆመው። ሾፌሩ ከፍ አደረገ፤ ግን የሱም ጆሮ ወደ ኋላ ቀርቶ ኖሮ፣ ወቅን ከተማ ሳይደርሱ መልሶ ዝቅ አደረገው።

«ፎቁ ያለበት ቦታ ድሮ የሣር ቤት ነበረች፤ የአንዲት ጠላ ሻጭ። ስሟ ምን ያደርግልሻል? መጽሔቱም ላይ የለ። ሊማሊሞን በጭጋግ መውረድ የፈራ ሾፌር እሷ ዘንድ ነበር የሚያድረው። ተራራ ሊያይ የመጣ ፈረንጅ ከነበቅሎው እሷ ግቢ። ከበየዳ ሕመምተኛ ያመጣ፣ ከአዲ አርቃይ ለገበያ የወጣ … የሷን በር ሳያንኳኳ ማን አለፈ? በሯ ላይ መኪና መቆም ሲያበዛ ከጎኗ ሱቅ ተከፈተ፣ ከሱቁ ጎን ሌላ ቤት፤ ከተማ እንዲህ አይደል የሚሆነው? አንድ ልጇንም በዚያችው ጠላ አሳድጋ፣ ጎንደር ድረስ ልካ አስተማረችው። … ግን ይኸ ታሪክ ነው? የጠላ ታሪክ ይጻፋል? ወረቀቱ ይሸታል እኮ!»

የሆቴሉን ጌታ «እሳቸው»፣ የጠላ ሻጯን ልጅ «እሱ» ሲሉ፣ ስለ ሁለት ሰው የሚያወሩ ይመስላሉ። ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ከልጅቱ በቀር መኪናው ውስጥ ያላወቀ አልነበረም። እንዳለውም ቤቱ የፈረሰበት ቀን ድቅን አለበት፤ እናቱ ጎንበስ ብለው የጋናቸውን ስባሪ ሲለቅሙ።

«ታዲያ ልጁ ውለታ አይረሳም። ‹ወርቅ ላበደረ ጠጠር› ይሉ የለ? እሱ ግን ጠጠሩንም አላባከነው፤ ለፎቁ ኮንክሪት አዋለው። ለእናቱም አሰበላት። የመናኸሪያው ጩኸት ጤናዋን እንዳይነካው ብሎ፣ ዳባት አንዲት ክፍል ተከራየላት። እንዴት ጸጥ ያለች ክፍል መሰለችሽ! ከእሁድ እስከ እሁድ በሯን የሚያንኳኳ የለም። ያቺ አገር ሲያንኳኳባት የኖረች ሴት … ይኸው አረፈች። ዛሬ ጎራ ብዬ አብረን ምሳ በላን። ‹መኪና ሲመጣ እየወጣሁ አያለሁ› አለችኝ። ለመኪና ያላት ፍቅር! … የማንን መኪና እንደምትጠብቅ አልጠየቅኋትም። አንቺስ ብትሆኚ አፍሽ ይደፍር ነበር?»

ማርያማዊት ከንፈሯን መጠጠች። ሾፌሩ ዘፈኑን ጨርሶ አጠፋው።

የደባርቅ ቆርቆሮ ብቅ ሲል እንዳለው «ወራጅ!» አለ። ሆቴሉ ገና ሩቅ ነው፤ ሾፌሩ ዞር ብሎ አየውና አቆመለት። እንዳለው አስፋልቱ ዳር ወርዶ ትንሽ ቆመ። አንዴ ወደ ከተማው፣ አንዴ ወደ መጡበት ወደ ዳባት ተመለከተ። ከዚያ ኮፍያውን አስተካክሎ ወደ ከተማው መራመድ ጀመረ።

ሚኒባሱ ገና አልተንቀሳቀሰም፤ እትዬ የሺወርቅ መስኮቱን ከፈቱት። ፊታቸው በፈገግታ ተሞልቷል።

«ውይ ልጄ፣ አንተ ነህ እንዴ? ዓይኔ እኮ ደከመ! … ባለቤትህን እንኳን ማርያም ማረቻት። ወንድ ነው ሲሉኝ እልል ነው ያልኩት። እግዜር ያሳድግልህ። መልኩን ከማንም ይውሰድ፣ ግድ የለም … ብቻ ልቡን ያንተኑ ይስጠውና፣ ስታረጅ ይጡርህ።»