የዘለልኩት መስመር

አጎቴ መሪጌታ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ አንደበታቸው ተያዘ ቢሉኝ፣ ከቡሬ ተነስቼ ማንኩሳ ልጠይቃቸው ሄድኩላችሁ። እንዳወቁኝ ከዓይናቸው አይቻለሁ፤ ስሜን ሊጠሩ ሲታገሉ ግን «እሱ… እሱ…» ብቻ ሆነባቸው። መታገላቸውን ማየት ቢከብደኝ ዳዊቱን አንስቼ እደግምላቸው ጀመር። ልቤ ተረብሾ ኖሮ አንድ መስመር ዘለልኩ። ይሄኔ ያ የተያዘ አንደበት የዘለልኩትን መስመር በግዕዙ ጥርት አድርጎ አለው፤ ያውም ፊደል ሲያስቆጥሩኝ በነበረው ቁጣቸው።

ደንግጬ ወደ ባለቤታቸው ዞርኩ። እትዬ ግን አልደነቃቸውም።

«ውሃ ስጪኝ ማለት እንኳ አይችሉም» አሉኝ ቀስ ብለው። «ድምፃቸው ሲናፍቀኝ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ፤ አውቄ አንድ ቦታ እዘላለሁ።»