ትንሿ ጥይት

(ጎጀብ ሸለቆ፣ ከሰዓት በኋላ። ለጅግራ አደን የወጡት ሽማግሌው ግራዝማች ሽበሺና የልጃቸው ባል መምህር ታፈረ፣ የቆሰለ ጎሽ አባሯቸው ዋርካ ላይ ወጥተዋል፤ አማት ከላይኛው ቅርንጫፍ፣ አማች ከታችኛው። ጎሹ የተኛበት ረጅም ሣር የሚታየው ከላይ ብቻ ነው።)

ታፈረ፦ እኔ ጥፋቴን አምኛለሁ፤ እርስዎም ምንሽሩን ቤት ሰቅለው መምጣትዎን ይመኑ።

ግራዝማች፦ ለጅግራ ምንሽር ይያዛል? በምንሽር የተመታች ጅግራ ላባዋ ነው የሚተርፍህ።

ታፈረ፦ እኔ እኮ ይዘዋል ብዬ ነው የተኮስኩት።

ግራዝማች፦ ጀርባዬ ላይ የነበረችውን ቀጭን ጠመንጃ አላየሃትም?

ታፈረ፦ ከኋላ ሲያዩት ጠመንጃ ሁሉ ጠመንጃ ነው።

ግራዝማች፦ አይ መምህር! ደግሞስ በትንሿ ጥይት ጎሽ ላይ የሚተኩስ የማን ልጅ ነው?

ታፈረ፦ «ቀድሞ ያደማ ገዳይ ነው» ያሉኝ እርስዎ። እኔ ላደማው፣ እርስዎ ሊጨርሱልኝ።

ግራዝማች፦ ይኸው፣ እሱ ሊጨርሰን ተኝቶ ይጠብቃል።

ታፈረ፦ አሁንም አለ?

ግራዝማች፦ አለ። ጆሮው ይንቀሳቀሳል።

ታፈረ፦ እኔ ደግሞ ጠመንጃዬ ዐሥር ጥይት ስለምትጎርስ ነበር የተመካሁባት። አንዱ ባይጥለው ዘጠኙ ይጥለዋል ብዬ።

ግራዝማች፦ ታዲያ ዘጠኙ የት ገባ?

ታፈረ፦ ነከሰች። የመጀመሪያውን ቀለህ ሳትተፋ ሁለተኛውን ልትጎርስ ብላ።

ግራዝማች፦ የሆዳም ነገር። የኔይቱን እይ፤ አንድ ታጎርሳታለህ፣ አንድ ትተፋለች። ቃታዋን በእጅህ ስበህ፣ አስበህ ነው የምትተኩሰው። ያንተዋን ግን ጣትህ እንጂ ልብህ አይተኩሳትም።

ታፈረ፦ የኔዋ ግን ቀላል ናት። ቀኑን ሙሉ ይዣት ብውል አትከብደኝም።

ግራዝማች፦ ቀላል መሆኗ ነው የሚያወዛውዛት። የኔይቱ አፈሙዟ ትንሽ ይከብዳል፤ ቅርንጫፍ ላይ አስደግፈህ ጅግራዋን አንገቷን ትላታለህ፣ ሥጋው ሳይነካ።

ታፈረ፦ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም። የሁለቱም ጥይት አንድ ናት፣ የጣቴን ጫፍ አታክልም። ቀለሁ እንኳን እንደ ምንሽሩ ተመልሶ አይሞላም።

ግራዝማች፦ ይቺን ከመተኮስህ በፊት አትለውም ነበር?

ታፈረ፦ ከመተኮሴ በፊት የማስበው ሌላ ነበር። በፋሲካው ድግስ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ሲፎክር እኔ ብርሌዬን አቅፌ ተቀምጬ ነበር። «ልጄን ለጠመኔ ሰጠኋት» ሲሉ ሰምቻለሁ።

ግራዝማች፦ ጠጅ ያናገረኝን ትቆጥራለህ?

ታፈረ፦ ሚስቴን ትርንጎን ልወስድ ስመጣ ግን ጠጅ አልቀመሱም ነበር። «ሳትገድል አትወስዳትም» አሉኝ። እርስዎ ቤት ከገባች አራት ወሯ ነው፣ ግራዝማች።

ግራዝማች፦ ድምፅህን ቀንስ። ይሰማሃል።

ታፈረ፦ ይስማ። ወይም እርስዎ ከዚያ ላይ ሆነው ዐይኑን ይበሉት። ዐይን ለትንሿም ጥይት ይበሳል።

ግራዝማች፦ ከዚህ አይመችም።

ታፈረ፦ ጠመንጃዋ እኮ አንገትዎ ላይ ናት። አነጣጥረው መሳብ ነው።

ግራዝማች፦ አይመችም አልኩህ።

ታፈረ፦ ግራዝማች፣ ቀኝ እጅዎን ምን ነካው?

ግራዝማች፦ ምን ይነካዋል?

ታፈረ፦ ዛፉን ሲወጡ በግራዎ ብቻ ነው የጨበጡት፤ በትከሻዬ ባልገፋዎ ኖሮ ጎሹ ደርሶብን ነበር። ከወጣንም ወዲህ ቀኝዎ ጭንዎ ላይ እንደተቀመጠ ነው።

ግራዝማች፦ ደክሞት ነው።

ታፈረ፦ ምንሽሩንም የተዉት ለዚህ ነው?

ግራዝማች፦ ምንሽር ይራገጣል። ይቺ አትራገጥም። በግራዬም አስደግፌ እተኩሳታለሁ። እንግዲህ ሰማህ።

ታፈረ፦ ከመቼ ጀምሮ?

ግራዝማች፦ ከጥምቀት ማግሥት። ከበቅሎ ወደቅኩ፤ ወጌሻው አሸው፣ አሸውና ተወው። ትከሻዬ ደረቀ።

ታፈረ፦ ትርንጎ ታውቃለች?

ግራዝማች፦ ጠዋት ጠዋት እጀ ጠባቤን ማን የሚያለብሰኝ ይመስልሃል? እንጀራውንስ ማን ቆርሶ የሚያጎርሰኝ?

ታፈረ፦ ታዲያ ለምን አልነገረችኝም? ተቀይማኝ የቀረች መስሎኝ፣ ባዶ ቤት እየገባሁ ምን አጠፋሁ ስል ነው የከረምኩት።

ግራዝማች፦ አስምያታለሁ። «አባቴ ሽባ ሆነ ያልሽ ለት ልጄ አይደለሽም» ብያታለሁ። ግራዝማች ሽበሺን እንደ ሕፃን ያለብሱታል ከሚባል፣ አማቹ ሚስቱን ማኖር አቃተው ቢባል ቀለለኝ።

ታፈረ፦ ለእርስዎ ቀለለ።

ግራዝማች፦ በድዬሃለሁ። ልክድህ አልችልም።

ታፈረ፦ አንድ ቃል ቢነግሩኝ ኖሮ እኔ ራሴ መጥቼ አለብስዎት ነበር።

ግራዝማች፦ አንተ? አንተ አፍረህ ዐይንህን ትሰብራለህ፣ እኔ አፍሬ እሞታለሁ። እሷ ስታለብሰኝ እየሳቀች ነው።

ታፈረ፦ ለእኔም ትስቅልኝ ነበር። እርሷም ለሁለት ተከፍላ አልቻለችም፤ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም።

ግራዝማች፦ ልክ ነህ።

ታፈረ፦ እንግዲያው ይስሙኝ። ግዳዩም ይቅርብኝ፣ ፉከራውም። ከዚህ እንደወረድን ትርንጎን ይዣት እሄዳለሁ። ለእርስዎ ደግሞ የሚረዳዎት ሰው አብረን እንፈልጋለን።

ግራዝማች፦ ከወረድን።

ታፈረ፦ ቃልዎን ይስጡኝ።

ግራዝማች፦ ቃሌ ነው። ከወረድን ውሰዳት።

ታፈረ፦ አሁንስ አለ?

ግራዝማች፦ አለ።

ታፈረ፦ እግሬ ደነዘዘ። ፀሐይዋም እያዘቀዘቀች ነው።

ግራዝማች፦ ታገሥ። የቆሰለ ጎሽ ቂመኛ ነው፤ ውሎ ያድራል።

ታፈረ፦ አንድ ድንጋይ ልወርውርና እንየው?

ግራዝማች፦ ተው። ትቀሰቅሰዋለህ።

ታፈረ፦ ይሄ የጅግራ ድምፅ አይደል?

ግራዝማች፦ ሊሆን ይችላል።

ታፈረ፦ ከሣሩ ውስጥ እኮ ነው። እሱ ከተኛበት። ጎሹ ተኝቶበት ጅግራ እዚያው ወርዳ ትጭራለች?

ግራዝማች፦ ጅግራ ምን ታውቃለች።

ታፈረ፦ ግራዝማች፣ ወደ እኔ ይዩ። ጎሹ አለ?

ግራዝማች፦ የለም።

ታፈረ፦ መቼ ሄደ?

ግራዝማች፦ ቅድም። ገና የትርንጎን ስም ስታነሣ ተነሥቶ ወደ ወንዙ ወረደ።

ታፈረ፦ ይህን ሁሉ ጊዜ እዚህ ሰቅለውኝ፣ ምን ይሁን ብለው ነው ዝም ያሉት?

ግራዝማች፦ ከወረድን ትወስድብኛለህ ብዬ።